የከበቡሽ ዶሮ

ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይህም እናቴ በቆጠረችልኝ ነው፤ እሷ ደግሞ ዕድሜን የምትቆጥረው በአንበጣ መንጋና በጎረቤት ሠርግ ስለነበር አንድ ሁለት ዓመት ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አልሟገትም። ሰቆጣ፣ ከገበያው ወደ መሥሪያ ቤቶቹ በሚያወጣው ዳገት መታጠፊያ ላይ፣ ሻይ ቤት ነበረችኝ። ሁለት አግዳሚ፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር። ሻዩን በስሙኒ ነበር የምሸጠው፤ ቅርንፉድ ከገባበት አምስት ሳንቲም እጨምራለሁ፣ በዚያች አምስት ሳንቲም የማይጨቃጨቀኝ ጸሐፊ አልነበረም። ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር። ልጁ አንድ ዘፈን ከወደደ ጠዋት የከፈተውን እስኪመሽ አያወርደውም፤ እኛም ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ካሴቱ የሚንተፋተፍበትን ቦታ ጭምር በቃላችን ያዝነው። ያን ዓመት ሴቱ ሁሉ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ነጋዴው ሌላ ቀለም አላመጣም። የመሥሪያ ቤት ወንዶች ደግሞ ትከሻው የሰፋ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ኮቱ ቀድሞ ይገባል፣ ሰውየው ይከተላል። ማታ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ዳገቱ ለጥቂት ሰዓት ይበራና ተመልሶ ወደ ፋኖሱ ይገባል። አሁን ያ መታጠፊያ የባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል። ሾፌሮቹ ልጆች «እማማ፣ የት ላድርስዎ?» ሲሉኝ፣ የቆሙት ምድጃዬ ላይ መሆኑን አልነግራቸውም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ንባብ የለመድኩት ግን በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ከእርዳታ ለተቀነሱ ሰዎች ይግባኝ ሰሚ ሊቋቋም ነው ይላል፤ አባል ሆኖ የሚሾመው ሰው በሕግ የተመረቀ፣ በሙያው የሠራ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያለው ይሁን ይላል። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ «ጥሩ ነው፤ እንግዲህ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያየዋል» አለ። ጥሩ ነው። ያን ጊዜ እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት፣ እጄ እስኪቀላ ነበር ያጨበጨብኩት። ታዲያ አሁን ጆሮዬ ድረስ ያጋለኝ ምንድን ነው? ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ፀጉሬ ነጥቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎ፣ ንዴቱ ግን ትናንት እንደተጫረ ክብሪት ነው።

አክስቴ እትየ ዘነቡ ናት ነገሩ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ የደሃና አገር ሰው። ባሏ ሲሞት፣ ቀጥሎም ልጇ ስትሞት፣ የልጅ ልጇን ትብለጥን አዝላ ወደ ሰቆጣ መጣችና ከከተማው በላይ፣ ጋራው ሥር፣ አንዲት የድንጋይ ቤት ገባች። እኔን ያሳደገችኝ ከእናቴ እኩል ስለሆነ እናቴን አንቺ እንደምላት እሷንም አንቺ ነበር የምላት፤ ሌላው ሰው ሁሉ እርስዎ ይላታል። ትንሽ ሴት ናት፣ አንገቷ ረዥም፣ ነጠላዋ ቢያልቅም የታጠበ። ከእኔ ጋር ስንሆን በኽምጥኛ ነው የምናወራው፤ መሥሪያ ቤት ስትሄድ አማርኛዋን እንደ የክት ቀሚስ ታወጣዋለች። መሬት የላትም፣ በሬ የላትም። እሷና ትብለጥ የሚኖሩት በእርዳታ ስንዴ ነበር፤ እኔም ከሻዩ የተረፈችኝን ጣል አደርግላቸዋለሁ፣ እኔም አራት ልጅ ነበረኝና ጣል የማደርገው ብዙ አልነበረም።

በኛ አገር ስለ ጎታ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ካላወቃችሁ የሚከተለው ሁሉ የሞኝ ታሪክ ይመስላችኋል። ጎታ ጆሮ አለው ይባላል። ቤቴ ባዶ ነው፣ የምበላው የለኝም ብሎ በአፉ የተናገረ ሰው ቤቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ በረከቱ ሰምቶ ይሄዳል። ስለዚህ የቸገረው ሰው አይናገርም። የሚያየው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ጠዋት ተነሥታ ከዚያ ቤት ጭስ ካላየች «እሳት ልጭር መጣሁ» ብላ ትገባለች። እሳት እንደሌለ እያወቀች ነው የምትገባው። ተቀምጣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ አውርታ ስትወጣ፣ በነጠላዋ ሥር ይዛው የገባችውን ቁና ዱቄት በሩ አጠገብ ረስታው ትወጣለች። ባለቤቷም ረሳሽው ብላ አትጠራትም። በዚህ ዓይነት ስንት ክፉ ቀን አለፈ፤ ሰጪም ሰጠሁ ሳይል፣ ተቀባይም ወሰድኩ ሳይል።

እንግዲህ አንድ ክረምት የእርዳታው መዝገብ እንደገና ተጣራ ተባለና እትየ ዘነቡ ተሰረዘች። ምክንያቱን ብጠይቅ «ሻይ ቤት ያላት ጠዋሪ ዘመድ አለቻት» አሉኝ። ዘመዷ እኔ ነኝ። በእሷ ቦታ የገባችውን ስሰማ ደግሞ ደሜ ፈላ፤ የአቶ ቢረሳው አማት ናት፣ ጥንድ በሬ ያላት። አቶ ቢረሳው የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ሰብሳቢ ነበር። ረዥም፣ ከዘራ የያዘ፣ ተረትና ምሳሌ ከአፉ የማይጠፋ ሰው። አብሮት የሚቀመጡት ቄስ አበጀ የሚባሉ፣ አቶ ቢረሳው ካልተናገረ የማይናገሩ፣ ከተናገረም በኋላ «እውነት ነው» የሚሉ ካህን ነበሩ። ቅሬታ ሰሚው ቅሬታ ከሚቀርብባቸው ሰዎች ጋር አንድ መሶብ የሚበላ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሰው የተሰረዘብን ብዙ ስለነበርን አጉረመረምን። በኋላም በአዳራሹ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «እኛ ሕግ የተማረ ሰው ይሾምልን፤ ዘመዳችን ያልሆነ፣ መጽሐፍ ያየ» አሉ። ያጨበጨብኩት ያኔ ነው።

የተሾመልን መላኩ ይባላል። ሕግ ተምሮ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ከትከሻው የሰፋ ኮት፣ ከዕድሜው የሰፋ ጸጥታ ነበረው። በስብሰባው ሲያስተዋውቁት አቶ ቢረሳው ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና፣ «ሕግ አዋቂ ከመጣልን ምን ቸገረን፤ እኛ አፋችንን ዘግተን እንማራለን» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ምላሴ አያርፍምና ተነሣሁ።

«ሕግ የማያውቀውን ነገርስ ማን ይነግረዋል?» አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ ሕግ የማያውቀው?» አለኝ።

«የሰዉን ወግ። እሱ የሩቅ ሰው ነው፣ ማን ምን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«እኛ ታዲያ ምን ሥራ አለን? ግራና ቀኝ የምንቀመጠው ለጌጥ ነው? ሕጉን እሱ፣ የአገሩን ወግ እኛ እንነግረዋለን» አለ። ቄስ አበጀም «እውነት ነው» አሉ። ይህ የተባለው በሕዝብ ፊት ነው። ያን ቃል ያዙልኝ።

የእትየ ዘነቡ ቀን ሲደርስ እኔ ወደ ክፍሉ መግባት አልተፈቀደልኝም፤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። መስኮቱ መስታወት አልነበረውም፣ ሁሉንም እሰማለሁ። አቶ ቢረሳው ጉሮሮውን ጠርጎ ጠዋሪ ዘመድ አለቻቸው፣ ሻይ ቤት ያላት፣ ብሎ ጀመረ። መላኩ አቋረጠው። «ዘመድ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሻይ የሚሸጥ ሰው ሌላ ቤት ያስተዳድራል የሚል ነገር አላነበብኩም። የሚጠየቀው ቤታቸው የሚበላ መኖሩና አለመኖሩ ነው» አለ። እኔ ከውጭ ሆኜ እናቱን መረቅሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ፣ ቤትዎ እህል አለ?»

ነጠላዋን ስታስተካክል ድምፁ ይሰማኛል። «ተመስገን ልጄ» አለች። «ሞልቶናል።»

መላኩ እንደገና ጠየቃት፤ ልጁን ልበድለው አልፈልግም፣ እንደገና ጠይቋታል። «እማማ፣ አይፍሩ። ዛሬ ማታ እርስዎና ልጅቷ የምትበሉት አላችሁ?»

«እግዜር የሰጠው መች ጠፍቶ። አንተስ በልተሃል? ፊትህ ከስቷል።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔ የምጠብቀው ከሳቁ በኋላ ነበር። አሁን አቶ ቢረሳው ይናገራል፣ አልኩ። አሁን፣ «ልጄ፣ የኛ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ ባዶ ቤት ተቀምጦ ሞልቶናል ነው የሚለው» ይለዋል። እሱ እንኳ ቢፈራ ቄሱ ይላሉ። እሳት ልጭር የምትል ሴት በር በሩን ስትል እያዩ ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ የራሳቸው እናቶች ዱቄት ሲረሱና ሲረሳላቸው አይተዋል። የሰማሁት የብዕር ድምፅ ብቻ ነው። መላኩ «በራሳቸው ቃል አምነዋል» አለ። ቄስ አበጀ «እውነት ነው» አሉ።

መላኩ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ነበር ሻይ የሚጠጣው፣ ቅርንፉድ ያለውን፣ ያለ ጭቅጭቅ። በማግስቱ ብርጭቆውን አስቀምጬለት እዚያው ቆምኩ። ያ ቃል የሷ ቃል አይደለም፣ የአገሩ ቃል ነው አልኩት። የጎታውን ነገር ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «እትዬ የሻረግ፣ እርስዎ ዘመድ ነዎት፤ በእርስዎ ቃል ብቻ ልቀይረው አልችልም። ውሳኔው ገና አልተፈረመም ግን። ወይ እሳቸው መጥተው በአፋቸው የለኝም ይበሉ፣ ወይ እኛ ሄደን ቤታቸውን በዓይናችን እንይ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? ሻዩን አላስከፈልኩትም።

የመጀመሪያውን ሞከርኩ። እትየ ዘነቡን ሻይ ቤቴ አስቀምጬ አስጠናኋት፤ እንደ ሰርከስ ዝንጀሮ ማለት ይቀላል።

«በይ እትየ፣ የለኝም በይ።»

«ለማን?»

«ለኔ። እኔ ሰውየው ነኝ።»

«አንቺማ ሁሉንም ታውቂያለሽ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«ልምምድ ነው። በይ፣ የለኝም።»

ወደ ጣራው አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ ጆሮ እንዳለው ነገር ምድጃዬን አየች። «ከበፊቱ ቀነስ ብሏል» አለች በመጨረሻ።

«ቀነስ ብሏል ካልሽው ግማሽ ጎታ አለ ብሎ ነው የሚጽፈው።»

«ታዲያ ዳኛ ያደረጉት ምኑን አይተው ነው? ቀነስ ብሏል ሲባል የማይገባው ሰው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከፊቷ ያለው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቆጣችኝ። «እኔ ለሞተው ባሌ እንኳ የለም ብዬው አላውቅም» አለች። ተውኩት። ሁለተኛው መንገድ አለ፤ ይምጡና ይዩ። ባዶ ጎታ ለሕግ ለተማረውም ላልተማረውም ባዶ ጎታ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ግን ሕጉ ደግሞ ሰው ቤት ሳያሳውቁ መግባት ክልክል ነው ይላል። መላኩ በደንቡ መሠረት፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም እንመጣለን ብሎ ላከባት። ማሳወቁ መሆኑ ነው። እትየ ዘነቡ ጆሮ ላይ ግን ያ ቃል የደረሰው፣ ሦስት እንግዳ፣ ከነሱም አንዱ ካህን፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ የሰው አገር ልጅ፣ ሐሙስ ቤትሽ ይገባሉ ተብሎ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩም። ማን ያስባል?

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ቤቱን ለልጄ ትቼ ጋራውን ስወጣ፣ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ገና ነው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ መንገዱ ጭቃ ነው። ከቤቷ በታች ካለው ትልቅ ዋርካ ስደርስ ሽታው መታኝ። በርበሬ። ሽንኩርት። የተነጠረ ቅቤ። እዚያው ቆምኩ። በዚያ ሰፈር በዚያ ክረምት እንዲህ ያለ ሽታ አልነበረም። የቀረውን ወጣሁ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሦስት በርጩማ፣ የሦስት ቤት በርጩማ። ጠላው በማላውቀው ጋን። እንጀራው ከላይ ሰፈር ካለች ሴት። ዶሮዋ ደግሞ የከበቡሽ፤ የጎረቤቷ የከበቡሽ፣ የምትጥል አንዲት ዶሮዋ። ከበቡሽ ራሷ ጓዳ ቁጭ ብላ ወጡን ታማስላለች፣ ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ትብለጥ የአዲስ ዓመት ቀሚሷን ለብሳ ጥግ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከድስቱ አልተነሣም።

የቀረበው በእናሜል ሳህን ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀይ አበባ ያለው፣ አንድ ቦታ የተላጠ። ያን ሳህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለከበቡሽ ለሠርጓ የሰጣት ወንድሟ ነው። ወንድሟ አቶ ቢረሳው ነው። አዎ፣ ያው አቶ ቢረሳው። ሳህኑ ፊቱ ሲቀመጥ አየው። እኔ እሱን እያየሁት ነበር፣ ዓይኑ አበባው ላይ ወረደ፣ የተላጠው ቦታ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ እጁን ሰደደ። እህቱ ከመጋረጃው ጀርባ አለች፣ ሳሏን ሁሉ ያውቀዋል። መላኩ ዙሪያውን አይቶ ግራ ገባው፤ የሚጠብቀው ይህን አልነበረም። ጎታውን ሊያይ ተነሥቶ ነበር፣ እትየ ዘነቡ ግን «ሳትበላ የምን መነሣት ነው» ብላ በትከሻው ይዛ አስቀመጠችው። እሱም እናት እንዳሳደገው ልጅ ተቀመጠ።

«አቶ ቢረሳው፣ እዚህ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚበላው?» ብሎ በቀስታ ጠየቀው። ይኸው ጠየቀ። በአደባባይ ወጉን እኛ እንነግረዋለን ያለውን ሰው ጠየቀ።

አቶ ቢረሳው አጥንቱን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። «የእትዬ ዘነቡ ሙያማ በአገር የታወቀ ነው» አለ።

«እውነት ነው» አሉ ቄስ አበጀ፤ አፋቸው ሙሉ ነበር።

ለምን አንቺ አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እትየ ዘነቡ እያየችኝ ነበር። በእንግዳ ፊት ይህ የጎረቤት ነው ማለት እሷን በጥፊ እንደ መምታት ነው፣ ያውም ቤቷ ውስጥ። ደግሞም በኛ ወግ ሽማግሌ ማዕድ ላይ አያጋልጥም፤ ቁልቁል ሲወርድ፣ መንገድ ላይ፣ ከጆሮ ሲርቅ ነው የሚናገረው። ዋርካው ጋ ሲደርሱ ይነግረዋል ብዬ አመንኩ። እሷም እስከ ዋርካው ሸኘቻቸው፣ መላኩንም ጉንጩን ሳመችው፣ «በልተህ እደር እንጂ ልጄ፣ ሰው በወረቀት አይጠግብም» አለችው። ሲወርዱ አቶ ቢረሳው ከፊት፣ ቄሱ ከመሃል፣ መላኩ ከኋላ። አንዳቸውም ወደ ሌላው ዘንበል ሲሉ አላየሁም።

ውሳኔው ማግስቱን ወጣ። ሕግ የተማረው አባል በዓይኑ አይቶ፣ በቤቱ በልቶ አረጋግጧልና ቅሬታውን አልተቀበልነውም ይላል። ስንዴው የታደለ ቀን የአቶ ቢረሳው አማት ጆንያዋን በሁለት አህያ ጭና በሻይ ቤቴ ደጅ አለፈች፤ «እንዴት ዋላችሁ» ብላ ሰላም ብላኛለች ደግሞ። አቶ ቢረሳውን መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ሳህኑን አላወቁትም?»

«የቱን ሳህን ልጄ?»

«ለእህትዎ ለሠርጓ የሰጧትን። አበባ ያለውን።»

«እኔ ሕግ አልተማርኩም» አለኝ፣ ከዘራውን ጭቃው ላይ እያዞረ። «የሕጉ ሰው አይቶ ፈረደ። ራሳችሁ አይደል ይሾምልን ያላችሁት? እኔ ማን ነኝ የተማረ ሰው ላርም?»

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህች ናት። በፊት፣ ሕግ የተማረ ሰው ሳይሾም፣ አቶ ቢረሳው በደል ሲሠራ ቢያንስ በደሉ የራሱ ነበር፤ ገበያ መሃል «ቢረሳው በደለኝ» ይባላል፣ እሱም አንገቱን ይደፋል። አሁን ግን የሚከለልበት ሰፊ ኮት አገኘ። የሚያውቀውን ከዶሮው ጋር ዋጠና የማያውቀውን ልጅ ከፊቱ አቆመው። እኛም ያጨበጨብነው ለዚህ ሆነ።

ለመላኩ ነገርኩት። ጠዋት ነው፣ ካሴት ቤቱ ገና አልተከፈተም። ዶሮዋ የማን እንደሆነች፣ ሳህኑ የማን እንደሆነ፣ ጋኑ፣ በርጩማው፣ ሁሉንም። ብርጭቆውን አስቀመጠና አላነሣውም። «ጠየቅሁት እኮ» አለ። «አጠገቤ ተቀምጦ ጠየቅሁት።» ጆሮው ቀልቶ ነበር። «አዲስ ማስረጃ ካለ ጉዳዩ ይከፈታል። እሳቸው መጥተው ተበድሬ ነው ይበሉ። ካልሆነም ወይዘሮ ከበቡሽ መጥተው ዶሮዋ የኔ ናት ይበሉ። የአንዳቸው ቃል ይበቃኛል፣ እኔው እከፍተዋለሁ» አለኝ።

ሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ ያን ጋራ ሮጥኩት። እትየ ዘነቡ ደጃፏ ቁጭ ብላ የትብለጥን ፀጉር ትሠራ ነበር። ነገርኳት። እጇን ከፀጉሩ ሳታነሣ ሰማችኝ።

«ጋብዤ ያበላሁትን ሰው ተከትዬ ሄጄ፣ የበላኸው የኔ አልነበረም ልበለው?»

«ስንዴው እኮ ነው እትየ። ትብለጥ ምን ልትበላ ነው?»

«ልጁ አፍሮ ይሞታል። እናት አለችው።» ከዚያ ማበጠሪያውን አቀበለችኝ፣ ያዢልኝ ብላ፤ ነገሩ ተዘጋ።

ከበቡሽ ዘንድ ገባሁ። ከበቡሽ ሳቂታ ሴት ናት፣ ያን ቀን አልሳቀችም። «የረሳሁትን ዶሮ ሰጥቼ ነው እንጂ ረስቼ አልነበረም ብዬ ልመስክር?» አለችኝ። «እሷን በሕዝብ ፊት ለማኝ ላድርጋት? ወንድሜንስ በሳህኔ በልተህ ዋሸህ ልበለው? የሻረግ፣ ዱቄት ውሰጂላት፣ አለኝ። ይሄን ግን አትጠይቂኝ።» ዱቄቱን ወሰድኩ። መላኩ እስከ ወሩ መጨረሻ ሲያየኝ «መጡ?» እያለ ጠየቀኝ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወው። በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሲሄድ ለትብለጥ ደብተርና እርሳስ ገዝቶ እኔ ጋ ተወ፣ ስጫት አላለኝም፤ አግዳሚው ላይ ረስቶት ነው የሄደው። ያን ያህል ተምሮ ነበር። ቅሬታ የሚሰማ ሰው የሚበቃው እንዲህ ተምሮ ነው እንግዲህ፤ ለሥራው ሲደርስ ግን ተነሣ።

የቀበሌውን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተመረቀ ይላል፣ የሠራ ይላል። ይሁን፣ እኔ በሕግ ትምህርት ላይ ቂም የለኝም፤ ዘመዱ ያልሆነ ሰው መቀመጡም ደግ ነገር ነው። ግን ግራና ቀኝ የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ወረቀቱ ላይ ፈለግሁ፣ አንድ መስመር አላገኘሁም። የሚያውቁትን ሳይናገሩ ቢቀሩ ምን እንደሚደረጉ ፈለግሁ፣ እሱም የለም። ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ ጠየቅኋት። «እሱ የኛ ክፍል አይደለም፣ እማማ» አለችኝ፣ በፈገግታ። መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ፣ ባጃጁን ትቼ በእግሬ ነው የወረድኩት፣ ሰው ሲናደድ ጉልበቱ ይታዘዘዋል።

እትየ ዘነቡ ያን ክረምት ፍልሰታ ሳይገባ ቤቷን ዘግታ ትብለጥን ይዛ በኮረም በኩል ወደ ቆቦ ወረደች። ማሽላ አረመች፣ ሽንኩርት ለቀመች፣ የሰው ቤት ውሃ ቀዳች፤ ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ትብለጥ ናት። በዓመቱ በጥቅምት ከትብለጥ ጋር በአውቶቡስ መጣች። እኔ ልቀበላት መናኸሪያው ሄጄ ነበር፤ ከስታለች፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ነጠላዋ የታጠበ ነው፤ እቅፏ ውስጥ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ። ወደ ቤቷ አልሄደችም፣ በቀጥታ ወደ ከበቡሽ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ከበቡሽ አቅፋ ሳመቻት፣ «እንዴት ከረምሽ፣ ኑሮስ እንዴት ነው?» አለቻት። «ተመስገን፣ ሞልቶናል» አለች እትየ ዘነቡ። ተቀምጣ ስለ ቆቦ ሙቀትና ስለ ዝናቡ አወራች። ስትወጣ ዶሮዋን በሩ አጠገብ ረስታ ወጣች።